ሳይሰጠኝ ያስገባሁት ስለት

እዚህ ጅቡቲ ሐበሻ ሲስቅ ያየ ሐበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አገኘሽ?» ብሎ ነው። በክፋት አይደለም። ደስታ እዚህ ብቻውን አይመጣም፤ ምክንያቱን አስከትሎ ነው የሚመጣው። የአንዷ መኖሪያ ፈቃድ ታድሷል፣ ሌላዋን ማዳሟ ስልክ ገዝታላታለች፣ የሌላዋ ወንድም ባሕሩን ተሻግሮ በሰላም ደውሏል። ምክንያትሽን ከነገርሻቸው አብረውሽ ይስቃሉ፣ ያቅፉሻል። ከሌለሽ ግን ወይ የምትደብቂው ነገር አለ፣ ወይ ገና ልጅ ነሽ።

የእኔ ምክንያት አንድ ነው። ክርስቶስ ተነሥቷል። ይህን ስላቸው «እሱማ እሺ፣ ሌላስ?» ይሉኛል።

ሌላ የለም። ባለፈው በዓለ ሃምሳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደረግኩትን ነገር ከቡላኦስ ሰፈር እስከ ሀራሙስ ያላወራው የለም። አንዳንዱ ድፍረት ነው ይላል፣ አንዳንዱ ሙቀቱ ነው ይላል። እንግዲህ መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ ሌላ ሰው እንዲያወራልኝ የምተውበት ምክንያት የለኝም። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት እዚሁ ነው። የምንኖረው ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ሶማሌ እናት ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። «የምንኖረው» ስል በአብዛኛው ራሴን ማለቴ ነው፤ እናቴ ሀራሙስ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች በአንዱ አዳሪ ሠራተኛ ናት። ሐሙስ አመሻሹ ላይ ትመጣለች፣ ዓርብን አብራኝ ትውላለች፣ ዓርብ ሊመሽ ሲል ትመለሳለች። አባቴን አላውቀውም፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው፣ ያን ያህል የሚያስደስትም አይደለም። በሌሎቹ ቀናት አከራያችን እንደ ልጇ ታየኛለች። «አባዮ፣ በልተሻል?» ብላ፣ በሶማልኛ እህቴ ማለቷ ነው፣ ሳትጠይቀኝ ያለፈችበት ቀን የለም። በልቻለሁ ብላትም አታምነኝም።

ዓርብ እዚህ አገር የዕረፍት ቀን ነው። ለእኛ ደግሞ የጾም ቀን ነው። ይህን ነገር ያሰበው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ልጆች ዶሮ ስትጠብስ ሰንብታ፣ ወደ ራሷ ልጅ ስትመጣ የምንበላው ሽሮ ነው። እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ግን እሑድ እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፣ እናቶቻችን ደግሞ የሰው ማድ ቤት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ትልቁ ጉባኤያችን ዓርብ ነው። እኔና እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሥጋ የምንበላው በበዓለ ሃምሳ ነው ማለት ይቻላል፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፣ አይሰገድም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ «በቃ፣ አሁን ደስ ይበላችሁ» ብላ የምታዝበት ጊዜ ነው። እኔ ያንን ትእዛዝ ከልቤ ነው የወሰድኩት፤ ጥፋቴ ይህ ከሆነ ጥፋቴ ነው።

ደስታዬ የጀመረው ካቻምና በቀዳም ስዑር ነው። በዚያን ቀን ለምእመናን ቄጠማ ይታደላል፤ ሰው በራሱ ዙሪያ አስሮት የምሥራቹን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጅቡቲ ቄጠማ አያበቅልም። የሚያመጣልን አጎቴ የምለው ሾፌር ነው። የሥጋ ዘመዴ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ ከባድ መኪና ይነዳል፣ ከእናቴ ጋር የአንድ አገር ልጆች ናቸው። ያን ዓመት መኪናው በረሃ ላይ ጎማ ፈነዳበትና ቄጠማው ሲደርስ ደርቆ ገለባ ሆኗል። ሴቶቹ አዘኑ። ዲያቆኑ እንኳ ሲያድል ዓይናችንን ማየት አፍሮ ነበር። እኔ ያንን ገለባ ራሴ ላይ አስሬ በገበያው መሐል ወደ ቤቴ ስሄድ ልጆች ተከትለውኝ ይስቃሉ፣ አንዷ ሻጭ ፍየል አምልጣብሽ ነው ወይ አለችኝ። ልናደድ ይገባኝ ነበር። በዚያን ሰዓት ግን አንድ ነገር ገባኝ። ቄጠማው ደረቀ፤ የምሥራቹ ግን አልደረቀም። እሱ ተነሥቷል፤ ቄጠማው ቢለመልምም፣ ቢደርቅም፣ ጭራሽ ባይመጣም። መንገዱ መሐል ቆሜ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። እስከ ዛሬ አላቆምኩም።

ይህ ሳቅ ሁሉንም አላስደሰተም። ከሁሉ በላይ ያላስደሰተው የመዘምራኑን ኃላፊ ነው። ሁላችንም «እትዬ» ብቻ ነው የምንላቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ይህን የምጽፍበትን አማርኛ መሥመር በመሥመር ያረሙልኝ እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ስለ እሳቸው ክፉ አልጽፍም። ዕድሜያቸውን በሰው ቤት አዳሪነት የጨረሱ ሴት ናቸው። በእሳቸው እምነት ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ለማልቀስ ነው፤ እንባ ይሰማል፣ ሳቅ ግን ጣሪያውን አያልፍም። መዝሙር ላይ ፊቴ ሲፈካ ካዩ በክርናቸው ይጎስሙኛል። አንድ ቀን ዝማሬው እንዳለቀ ጠርተውኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ይሄ እምነት አይደለም። ልጅነት ነው። ገና ምንም አልደረሰብሽም። ሲደርስብሽ እናያለን።»

«እሺ እትዬ፣ እናያለን» አልኳቸው። እንደ ድፍረት ቆጠሩት። ልክ ናቸው፣ ድፍረት ነበር።

አሁን ስለ ስለቱ። የእናቴ ማዳም ፈረንሳዊት ናት፣ ክፉ ሴት አይደለችም። ትንሹ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ እናቴን ተመላላሽ እንደምታደርጋት ቃል ገብታላት ነበር፤ ጠዋት ገብታ ማታ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሠራተኛ ማለት ነው። ከፋሲካ በኋላ ይሆናል ተባለ። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ነው። ለእኔ እናቴ ማክሰኞ ዕለት ምን እንደምትመስል ማየት ማለት ነው። እናቴን ማክሰኞ ዕለት አይቻት አላውቅም።

ለእመቤታችን ተሳልኩ። እናቴ ተመላላሽ ከሆነችልኝ ጃንጥላ አመጣለሁ አልኩ፤ ታቦት ሲወጣ የሚያዘውን፣ ባለ ዘርፉን። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ በድንገት ላስደስታት ብዬ ነው። የነገርኩት ለሾፌሩ አጎቴ ብቻ ነው፤ ጃንጥላው አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም።

«አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «ጅቡቲ ዝናብ ዘንቦ ያውቃል?»

«ለታቦት ነው።»

«ታቦትማ እዚህ ከጃንጥላ ይልቅ ክሊማ ነው የሚያስፈልገው» አለና ራሱ በቀልዱ ሳቀ። ክሊማ የምንለው የቤት ማቀዝቀዣውን ነው። ከዚያ ኮስተር ብሎ፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ቀይ ከፋይ አልኩት። ለመግዣው የሰፈሩን ልጆች ሹሩባ ስሠራ ከረምኩ፤ የጎደለውን እሱ ሞላልኝ፣ ስንት እንደሆነ ግን ሊነግረኝ አልፈለገም።

ቀጥሎ ለሆነው ነገር ጥፋቱ የሰው አይደለም፣ የመኪናው ነው፤ ወይም የእኔ ጥድፊያ። መኪና ተጭኖ፣ ኬላ ጠብቆ፣ ወረፋ ይዞ እስኪመጣ ሳምንታት ስለሚወስድ ጃንጥላውን ስለቱ ሳይደርስ ነው ያዘዝኩት። እመቤታችን ስትሰጠኝ እኔም ወዲያው እንድሰጣት፣ እንዳላስጠብቃት ብዬ ነው። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

በበዓለ ሃምሳ መጋመሻ አንድ ሐሙስ እናቴ መጣች። ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ታጠበች፣ ፎጣ አቀበልኳት። ከዚያ የሽንኩርት ዋጋ እንደምትነግረኝ በሚመስል ድምፅ ነገረችኝ። ማዳም አርግዛለች። አዲሱ ሕፃን መጥቶ ከፍ እስኪል ድረስ አዳሪ ሠራተኛ ትፈልጋለች። እናቴ ከቀጠለች ጥሩ፤ ተመላላሽ ካልሆንኩ ካለች ግን በር ላይ የሚጠብቁ ብዙ ሴቶች አሉ። እናቴ እሺ ብላለች። ምን ልትል ኖሯል?

አለቀስኩ ወይ? አለቀስኩ እንጂ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ የተኛሁ መስዬ። ከዚያ ጃንጥላው ትዝ አለኝ። ሾፌሩ አጎቴ ጋ ደወልኩ፤ ድንበር ካለፈ በኋላ የኢትዮጵያ ቁጥሩ አይሠራም። ሲመጣ አልጋ ሥር እደብቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ስለት ያልደረሰለት ሰው አያስገባም፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሲሰጥሽ ትሰጫለሽ፣ ካልተሰጠሽ ጠብቂ።

ዓርብ በጠዋት ነጠላችንን ለብሰን ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፤ በር ላይ የሴቶቹ የፕላስቲክ ጫማ እርስ በርሱ ተደበላልቆ የማን የማን እንደሆነ አይለይም። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያዎቹ ቆመዋል፤ ማይክሮፎኑ ብቻ በባትሪ ይሠራል። እኔ ከመዘምራኑ ጋር ፊት ቆምኩ፣ እናቴ መሐል ተቀመጠች። ዘመርን፣ ካህናችን አባ አስተማሩ። ከዚያ ስለት የሚነገርበት ሰዓት ደረሰ። ከኮሚቴው አንድ ሽማግሌ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ማይክሮፎኑን ይዘው ማን ምን ተስሎ ምን እንደተሰጠው ይናገራሉ፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። አንዷ መጋረጃ፣ አንዷ ጧፍ አመጣች። እልል ተባለ።

«ቀጥሎ» አሉ ጋሼ፣ «ከመዘምራኖቻችን አንዷ ልጃችን፣ እናቷ ከአዳሪነት ወጥታ ተመላላሽ እንድትሆንላት ለእመቤታችን ተስላ፣ እመቤታችንም ሰምታት ይህን ጃንጥላ አስገብታለች። እልል በሉ።»

በወንዶቹ በኩል ሾፌሩ አጎቴ ተነሣ። ከፒኬ ዱዝ፣ ከባድ መኪኖቹ ከሚቆሙበት፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር በቀጥታ መጥቷል፤ አቧራው ላይ ነጠላ ጣል አድርጓል። ጃንጥላውን ዘረጋው። ቀይ ከፋይ፣ ወርቃማ ዘርፍ፤ እኔ ካሰብኩት ይበልጥ ያምራል። ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆኗል። በኋላ እንደነገረኝ ከሆነ ጠዋት ለኮሚቴው ሲያስረክብ የስለቱን ምንነት ብቻ ነው የተናገረው፤ የቀረውን ጋሼ ራሳቸው ሞሉት። ያልደረሰ ስለት የሚያስገባ ሰው አይተው ስለማያውቁ አይፈረድባቸውም።

እልልታው ቀለጠ። ለመጋረጃውም ለጧፉም እንዲህ አልተባለም። እናቴን ዙሪያዋን ያሉ ሴቶች ሳሟት፣ አቀፏት፣ አንዷ በደስታ አለቀሰችላት። አዳሪ ለሆነች ሴት ተመላላሽ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከእናቴ ቪላ ቀጥሎ ባለው ቪላ የምትሠራው ሴት ደግሞ ወገቧን ይዛ፣ «አንቺ! ትናንት በአጥር ስናወራ አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ?» ትላታለች። እናቴ ወደ እኔ አየች።

ያኔ ነው የገባኝ። ሀራሙስ ውስጥ ወሬ በአጥር ይሻገራል። ይቺ ሴት ለማዳሟ ትነግራለች፣ ማዳሟ ለእናቴ ማዳም ትነግራለች፤ ትናንት እሺ ያለችው ሠራተኛ ለመውጣት እልል እያስባለች ነው ይባላል። በር ላይ የሚጠብቁ ብዙ ሴቶች አሉ።

እትዬ ከበሮውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አጠገቤ ነበሩ፤ ፊቴን አዩት።

«ምነው?»

«አልተሰጠኝም እትዬ። ማዳሟ ትናንት እምቢ አለች።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም አዘኑልኝ። «በይ ዝም በይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሲያልቅ ለጋሼ እኔ እነግራቸዋለሁ። ጃንጥላውንም ትወስጂዋለሽ። ሲሰጥሽ ታመጪዋለሽ።»

ደግ ምክር ነበር። ግን ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተበትኖ ሄዷል ማለት ነው። ወደ ፊት ወጣሁ። ሴት ልጅ ማይክሮፎኑ ያለበት ቦታ ድረስ ስትሄድ አይታይም፤ ጋሼ እንኳ ምርቃት ልቀበል የመጣሁ መስሏቸው እጃቸውን ወደ ራሴ ዘረጉ።

«ጋሼ፣ ስለቱ አልደረሰም።»

ማይክሮፎኑ አፋቸው ሥር ነበርና «ምን ማለትሽ ነው?» ያሉትን ቤቱ ሁሉ ሰማው። እኔም ቤቱ ሁሉ እንዲሰማኝ ነው የተናገርኩት። እናቴ ተመላላሽ አልሆነችም፤ ማዳሟ አዳሪ እንድትሆን ጠይቃት እሺ ብላለች፣ ሥራዋ ላይ ናት፣ ትቀጥላለችም አልኩ። የመጨረሻውን ስናገር የጎረቤት ቪላዋን ሴት ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነው። ጥሩ ሴት ናት፤ ወዲያው ገባት፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ታዲያ ጃንጥላው?» አሉ ጋሼ።

«መኪናው ቀደመ።»

«እኔ ምን ላድርግ፣ አምጣ አለችኝ አመጣሁ!» አለ ሾፌሩ አጎቴ ከወንዶቹ መሐል፤ ሰው ሳቀ። ጋሼም ፈገግ ብለው፣ ይሁን፣ ያጋጥማል አሉና ጃንጥላውን ከእሱ ተቀብለው ማጠፍ ጀመሩ። አዲስ ስለሆነ እምቢ አላቸው። ዘርፉ ጣታቸው ላይ ተጠመጠመ፤ እሳቸው ይስባሉ፣ እሱ አይታጠፍም። ሰው ሁሉ ያንን ቆሞ ያያል፣ አንዳንዶቹ ከንፈር ይመጣሉ።

የከንፈር መምጠጡ ነው ያናደደኝ። ያለፈው ትንሣኤ ሁሉ፣ የዘመርነው ሁሉ፣ በአንዲት ማዳም እርግዝና ምክንያት ሊታጠፍ ነው እንዴ? እናቴን ማክሰኞ ማየት እፈልጋለሁ። ዛሬም እፈልጋለሁ። ግን በዚያ ምክንያት እግዚአብሔር ምንም እንዳላደረገልኝ ሆኜ ዕቃዬን ሰብስቤ ልመለስ?

«አይታጠፍ» አልኩ። «የእመቤታችን ነው። ሰጥቻለሁ።»

«ልጄ» አሉ እትዬ ከኋላዬ፣ «ያልተሰጠ ስለት አይገባም።»

«የጠየቅኩት ነው እንጂ ያልተሰጠኝ፣ የተሰጠኝማ ተሰጥቶኛል።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አባ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆይተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ታዲያ ምን ብለን እልል እንበል?» አሉኝ። ሊያሾፉብኝ አይደለም፣ በእውነት ነው የጠየቁኝ።

«ክርስቶስ ተነሥቷል ብላችሁ። ፋሲካ ዕለት ይህንኑ ብላችሁ አይደል እልል ያላችሁት? ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?»

ሴቶቹ ወደ አባ፣ አባ ወደ እኔ አዩ። ስለዚህ እኔው እልል አልኩ። ስጀምረው ድምፄ እንደ ግልገል ነበር፣ መሐል ላይ ተሰበረ፣ እንደገና አነሣሁት። ብቻዬን እልል ማለት በጣም ያስቃልና ራሴም ሳቅሁ። ያኔ የጎረቤት ቪላዋ ሴት ከመሐል ተቀበለችኝ። ከዚያ አንዷ፣ ከዚያ ከኋላ ያሉት። ሁሉም አላሉም፤ ግማሹ ቆሞ ያየኛል። እትዬ የከበሮውን ማንገቻ ማጥበቅ ጀመሩ፤ ሳይጠብቅ ቀርቶ አልነበረም። አባ «ይግባ» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ሾፌሩ አጎቴ ከጋሼ እጅ ተቀብሎ እንደተዘረጋ ይዞት ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ።

ዞር ስል የእናቴ ቦታ ባዶ ነው።

በር ላይ፣ ጫማዎቹ መሐል ቆማ የራሷን ትፈልጋለች። አገኘችው፣ አደረገችው፣ ሄድን። ገበያውን አቋርጠን እስከ ቤታችን ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ቤት ገብታ ለምሳ ያዘጋጀችውን ዶሮ ሳትነካው፣ ምድጃውን ሳትለኩስ አልጋው ላይ ተቀመጠች። በሰው ፊት ስላዋረድኳት ይመስለኝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እኔ እኮ ለምደሽዋል ብዬ ነበር።»

«ምኑን እማዬ?»

«ያለ እኔ መኖሩን።» እጇን ታያለች፣ እኔን አታይም። «ማዳም ከቤት ስትወጣ ልጆቿ ቀሚሷን ይዘው ያለቅሳሉ። አንቺ ግን ስመጣም ትስቂያለሽ፣ ስሄድም ትስቂያለሽ። ሚኒባሱ ድረስ እየሳቅሽ ትሸኚኛለሽ። አላስፈልጋትም፣ አድጋለች፣ ይሁን እያልኩ ነው የምሄደው። ለካ ስለት ተስለሽልኛል።»

ሰው ሁሉ ሳቄን በየራሱ ሲተረጉም እናቴ ምን ብላ እንደተረጎመችው አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት እየሮጥኩ እንደምመጣ፣ ቀሚሷን ሽታው እንዳይጠፋ ሳላጥበው እንደማቆየው፣ ትናንትም እንዳለቀስኩ ነገርኳት።

«ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ» አለችኝ።

«እንግዲያው። እንድትመጪልኝ እፈልጋለሁ እማዬ። በጣም ነው የምፈልገው። ግን አንቺ አልመጣሽም ተብሎ ጌታ ተመልሶ መቃብር አይገባም።»

ሳቋ አመለጣት። ልትስቅ አልፈለገችም፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። «አንቺ ጉድ፣ ይሄ ይባላል?» አለች። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ አንገቴን አቀፈችኝና ብዙ ቆየን። ከእኛ ማን የትኛውን እያደረገ እንደነበር መለየት ያስቸግራል። ከዚያ ምድጃውን ለኮሰች። ስንበላ፣ ትናንት እያለቀስኩ ደስታው እንዴት እንዳልሄደ ጠየቀችኝ። በደንብ አላስረዳኋትም። ሐዘኑ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ደስታው ግን ቦታውን አልለቀቀም አልኳት። ጭኑን ለእኔ አደረገችልኝ፣ ክንፉን ወሰደች፤ አሰበች። ሊመሽ ሲል ሸኘኋት። ሚኒባሱ ውስጥ ሆና እየሳቅሁ ሳያት፣ በዚህኛው ጊዜ ሳቄ ምን ማለት እንደሆነ ያወቀች መሰለኝ።

ማዳም ምንም አልሰማችም። እናቴም ተመላላሽ አልሆነችም፤ ሕፃኑ ተወልዷል፣ ሌሊቱን ይዛው የምታድረው እሷ ናት። ማክሰኞ ዕለት አይቻት አላውቅም። ይህን የምጽፈው መጨረሻው አምሮልኝ አይደለም። እትዬ አሁንም ልጅነት ነው ይላሉ፤ ይሄ ትንሹ ነበር፣ ትልቁ ይመጣል ይሉኛል። ይምጣ። እኔ ሲመጣ የምገኝበትን ያውቁታል፤ ፊት ላይ፣ ከከበሮው አጠገብ ነኝ። አንዳንድ ሴቶች ደግሞ ዓርብ ዓርብ ጠጋ ብለው፣ እነሱም ያልተሰጣቸው ነገር እንዳለ ይነግሩኛል። ምንም አልመክራቸውም፣ ምን አውቃለሁ። አብሬያቸው እቆማለሁ።

እናቴ ግን አንድ ነገር ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ማዳም ሳትነሣ ስልክ ትደውልልኛለች። ስልኩን ምድጃው አጠገብ ታስቀምጠውና አብረን እንጸልያለን፤ እሷ በሹክሹክታ፣ እኔ ጮክ ብዬ። ትናንት በመሐል አንድ ነገር ብያት ከት ብላ ሳቀች። ማዳም ሰምታ ወደ ማድ ቤቱ ገባች። በስልኩ ሁሉንም እሰማለሁ። በዚህ ጠዋት ምን የሚያስቅ ነገር ተገኘ ብላ ጠየቀቻት፣ በፈረንሳይኛ። የእናቴ ፈረንሳይኛ የድስትና የልብስ ፈረንሳይኛ ነው፤ ወደ ስልኩ ጠጋ ስትል ሰማኋት።

«ልጄ» አለችኝ ከዚያ በአማርኛ፣ «'ተነሥቷል' እንዴት ነው የሚባለው?»

ነገርኳት። በወጥ ቤት አነጋገሯ፣ ቃሉን ግማሽ በግማሽ እየሰበረች፣ ግን አንዲትም ሳታፍር ደገመችው። ማዳም እንቁላሉ እያረረ ነው አለች።

እናቴ እንቁላሉን ገለበጠችው። ስልኩን ግን አልዘጋችውም።